የትልቁ መዶሻ ነጂ ዚላ ብሪንድል

ዚላ ብሪንድል መስማት ያቆመችው በስድስት ዓመቷ ነው። ክፉ ትኩሳት ሬቨንሾ ከተማ ገብቶ ከየቤቱ ልጅ ሲለቅም፣ ከብሪንድል ቤት ግን ነፍስ ሳይነካ የአንዲቱን ልጅ ጆሮ ብቻ ይዞ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ «ነፍሷን አተረፈልሽ፤ ተመስገን በይ» እያለ እናቷን ሲያጽናና፣ እናቲቱ ምን እንደሚያጽናኗት እንኳ አልገባትም። እሷ ራሷ ከዐሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ሸማኔ ናት። በአራት መቶ የሽመና መኪና ጩኸት መሀል የሚውል ሰው ጆሮውን በር ላይ ትቶት ነው የሚገባው፤ የሚያወራው በከንፈር ነው። የሬቨንሾ ሸማኔዎች ድምፅ ሳያወጡ አፋቸውን ከፈት፣ ዘርጋ፣ ሰብሰብ እያደረጉ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሐሜት ይቀባበሉ ነበር። እናትየው ይህንኑ ቋንቋ ይዛ ቤት ገባች። ከወጥ ቤት ማዶ ሆና «እራት ቀርቧል፣ እጃችሁን ታጠቡ» ስትል፣ ከልጆቿ ሁሉ ቀድማ የምትነሳው ዚላ ነበረች።

እንግዲህ ዚላ ሰው የሚለውን ታያለች። የቸገራት መመለሱ ነው። ድምፅዋን ስለማትሰማው አንዴ ከልክ በላይ ይወጣባታል፣ አንዴ ጉሮሮዋ ውስጥ ይቀርባታል። አንድ ቀን ትምህርት ቤት መዝሙር ስትዘምር ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ አየች። ሳቅን ማየት ከመስማት ይብሳል፤ የሚታየው ጥርስ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤቷ ደጃፍ ውጭ አንዲት ቃል አልወጣትም። እንዲሁ ዝም እንዳለች አደገች፤ ከእህቷ ከአዳ ጋር ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥራ የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ሠላሳ ዓመት ሞላት።

ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ሲደፍን ሴቶች ለጦርነቱ ሥራ እንዲመዘገቡ ታዘዘ። አዳ እህቷን ይዛ ወደ መመዝገቢያው ቢሮ ሄደች። ጸሐፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ዚላን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና ለአዳ ተናገረ።

«ይቺን ምን ላድርጋት? ጥይት ፋብሪካ እንዳልልካት የአደጋ ፉጨት አትሰማ።»

«ለምን ራሷን አትጠይቃትም? አፍህን እያየች እኮ ነው» አለች አዳ።

ጸሐፊው ፊቱ ደም መሰለ። ከጎኑ የተቀመጠው ባልደረባው ግን በሳቅ ፈነዳ። «ባቡር ፋብሪካ፣ ቀጥቃጮቹ ዘንድ ላካት! እዚያ ደግሞ የሚሰማ ጆሮ ያለው መቼ ተገኝቶ!»

ለቀልድ የተወረወረች ቃል ነበረች። ዚላ ግን ከአፉ ላይ ለቀመቻትና ራሷን ነቀነቀች። እሄዳለሁ ማለቷ ነው።

የባቡር ፋብሪካው የሬቨንሾ ግማሽ ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ቤት ነው። ከጦርነቱ በፊት ሎኮሞቲቭ ይሠራበትና ይጠገንበት ነበር። አሁን ግን ከአንዱ አዳራሽ ታንክ ይወጣል፣ ከአንዱ የመድፍ ጎማ፤ በሌላው ደግሞ ምን እንደሚሠራ የሚሠሩትም አያውቁም። ዚላ ሰኞ ጧት ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ከእናቷ የተረከበችውን የእንጨት ጫማ አድርጋ፣ ለወንድ የተሰፋ ሰፊ ቱታ በገመድ ታጥቃ በቀጥቃጮቹ አዳራሽ በር ገባች።

መጀመሪያ ያየችው እሳት ነው። በግራም በቀኝም እቶን አፉን ከፍቷል። ቀጥሎ በመሀል የቆመችውን አየች። ቀጥቃጮቹ «አሮጊቷ» ይሏታል። ሁለት እግሯን እንደ ከተማ በር አንፈራጥጣ፣ ራሷን ከጣሪያው ጥቀርሻ ውስጥ ደብቃ የቆመች የእንፋሎት መዶሻ ናት። የምትመታበት ጡጫ ብቻውን ስድስት ቶን ይመዝናል። ከሥሯ ካለው የብረት መቀጥቀጫ መስፍ ከላይ የሚታየው ትንሹ ነው፤ ቀሪው እንደ ጥርስ ሥር ምድር ውስጥ ወርዷል። ሰዎቹ የነጣ ብረት በክሬን አንጠልጥለው አመጡና መስፉ ላይ አሳረፉት። አንድ አጭር ሽማግሌ ጣቱን አነሳ። ጡጫው ወረደ።

አንድ ነገር በዚላ ጫማ ሥር ገባ። ከተረከዟ ተነሥቶ በጉልበቷ አለፈ፣ ወገቧን ይዞ ደረቷ ውስጥ ተከፈተ፣ ጥርሷ ላይ ደርሶ ቆመ። መልሶ መጣ። እንደገና መጣ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ዓለም ለዚላ ከመስኮት ማዶ እንዳለ ነገር ነበር፤ ይታያል እንጂ አይነካም። አሁን ግን መሬቱ ራሱ ስሟን እየጠራት መሰላት። ከግንቡ ተጠግታ መዳፏን ለጠፈችበት፤ ግንቡም ይናገራል። የውኃ ባልዲ አየች፤ ውኃው በላዩ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ይዘላል። ዕንባዋ መጣ፤ ግን ሳቅም አብሮት መጣና ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት በቱታዋ እጅጌ አፏን ያዘች።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ «እንዴት ዋልሽ?» አለቻት።

«እማዬ» አለች ዚላ፣ «ዛሬ ሰማሁ።»

እናትየው የያዘችውን የድንች ልጣጭ ጣለች። ዚላ መሬቱን በተረከዟ እየመታች፣ ደረቷን በጡጫዋ እየደቃች ስታስረዳት ብዙ ቆየች። እናትየውም ገብቷት ይሁን ሳይገባት፣ የልጇን ፊት እንዲያ ሆኖ አይታው ስለማታውቅ ልጣጩን ሳታነሳ ከፊቷ ተቀመጠች።

ያ ጣቱን ያነሳው ሽማግሌ ኢኖክ ፒሊንግ ይባላል፤ የአሮጊቷ ቀጥቃጮች አለቃ ነው። ቅንድቡን እሳት ከበላው ብዙ ዘመኑ፤ ከቀኝ እጁ ትንሿ ጣት የለችም። በሥራ ላይ ንግግሩ በሙሉ በእጅ ነው። አንድ ጣት ሲያነሳ «በቀስታ»፣ ጡጫ ሲጨብጥ «ባለ በሌለ ኃይልህ»፣ መዳፉን ሲዘረጋ «ቁም» ማለት ነው። ምልክቱን አይቶ እንፋሎቱን በእጀታ የሚያዝዘው ሰው የመዶሻ ነጂ ነው። የኢኖክ ነጂ አልበርት ሪግ ወደ ጦር ሜዳ ከሄደ ወዲህ ሁለት ሰው ተሞክሮ ሁለቱም አልሆነም። አንደኛው ብረቱን ሲመለከት ምልክቱ ያልፈዋል፤ ሁለተኛው መዶሻው ሲወርድ ዓይኑን ይጨፍናል።

ዚላ ከጋለው ብረት የሚረግፈውን ቅርፊት እየጠረገች ሦስት ወር ሠራች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ኢኖክ ወደ ፎርማኑ ወደ ሚስተር ሃስላም ቀረበ።

«ያቺን መጥረጊያ የያዘችውን ስጠኝ።»

«ዚላን? ኢኖክ፣ አንተ ሰውዬ እሳቱ ራስህ ውስጥ ገባ እንዴ? አትሰማም እኮ!»

«እኔስ መቼ እሰማለሁ? አሁንም ምን እንዳልክ እግዚአብሔር ይወቀው» አለ ኢኖክ። «ሦስት ወር ሙሉ ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሳችም። እጄን ለምልክት ሳነሳ መጥረጊያዋ ይቆማል። መዶሻውን በልቧ ስትነዳው ነው የከረመችው።»

ከቀጥቃጮቹ አንዱ «ባል ፍለጋ ይሆናላ የምታይህ!» ብሎ አሽካካ።

«እንኳን የእኔን፣ ያንተን አፍም ታያለች፤ ተጠንቀቅ» አለው ኢኖክ። ሰውየው ዞር ሲል ዚላ ዓይኗን አፍጥጣ አገኛት፤ ሳቁንም በሻዩ ዋጠው።

ኢኖክ ትምህርቱን በክብሪት ቀፎ ጀመረ። ባዶውን ቀፎ መሳቢያውን እስከ ግማሽ ከፍቶ መስፉ ላይ አቆመውና፣ በስድስት ቶን ጡጫ መሳቢያውን መልሳ እንድትዘጋው አዘዛት። የመጀመሪያው ቀፎ እንደ ቅጠል ሆነ። ሁለተኛውም እንዲሁ። «ክብሪት በወረፋ በሚገኝበት ዘመን!» እያለ ኢኖክ አጉረመረመ። እሷ ግን እጀታውን በጣቶቿ ብቻ ይዛ፣ እግሯን ወለሉ ላይ አሰፋችና የእንፋሎቱን ትንፋሽ በጫማዋ ሥር ታዳምጥ ጀመር። ሰባተኛው ቀፎ ላይ ጡጫው እንደ ላባ ወረደ፣ መሳቢያውን ገፋ፣ ቆመ። ኢኖክ ቀፎውን አንሥቶ ዞር ዞር አድርጎ አየው። ጫፉ እንኳ አልተጨራመተም። ኪሱ ከተተውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እንዲህ ሆና ዚላ አሮጊቷን መንዳት ጀመረች። መናገር ስለማትፈልግም ኢኖክ አፉን እያሳየ «ገባሽ?» ሲላት ጡጫውን በቀስታ ብረቱ ላይ ታሳርፋለች፤ አንድ ጊዜ አዎ፣ ሁለት ጊዜ አይደለም። ኢኖክ ብረቱ የተያያዘበትን ረጅም መያዣ ስለሚጨብጥ መልሷ በመዳፉ ይደርሰዋል። ሰዎቹ «አሮጊቷ እሺ አለችህ» እያሉ ይስቃሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጃቸው ያለፈውን ብረት ማን ይቆጥረዋል! የሎኮሞቲቭ ክንድ፣ የታንክ አካል፣ ስሙ የማይነገር ነገር። ዚላ ግን እያንዳንዱን ጧት የመጀመሪያዋ ምት እስክትወርድ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቅ ነበር፤ ለምዳው አታውቅም።

ዚላ በገባች በሦስተኛው ዓመት፣ ብርዱ በጠናበት ወር፣ ሃስላም አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ሊቨርፑል ወደብ ላይ አንዲት መርከብ ፕሮፔለሯን የሚያዞረው ዘንግ ተሰብሮ ቆማለች። የመርከብ ዘንግ የሚቀጠቅጡት ቦታዎች በሙሉ ወረፋቸው እስከ ፋሲካ ሞልቷል። «ሎኮሞቲቭ የሚቀጠቅጥ መዶሻ መርከብ ይቀጠቅጣል ወይ? ነው ጥያቄው» አለ።

«ብረት እንደሆነ አሮጊቷ አገሩን አትጠይቀውም» አለ ኢኖክ።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ብረቱ ከዛፍ ግንድ ይወፍራል፤ በአንድ ጫፉ መያዣውን ስምንት ሰው ይዞ ያዞረዋል፣ ክሬኑ በሰንሰለት ያንጠለጥለዋል። እቶን ይገባል፣ ይወጣል፣ ይመታል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ። ኢኖክ ከዋዜማው ነግሯቸው ነበር፦ ከዚህ በላይ እሳት አይችልም፤ አሁን ካልቀና ይበላሻል፣ መርከቧም ቁማ ትቀራለች።

ነጭ ሆኖ ወጣ። አዳራሹ በሙሉ ብርሃን ሆነ፤ የሰው ጥላ ግድግዳው ላይ ገዘፈ። ኢኖክ ጡጫውን ጨበጠ፤ ዚላ አወረደችው። ዘጠኝ ምት፣ ዐሥር ምት። በዐሥራ አንደኛው ላይ የብረቱ ቅርፊት ፈነዳና እሳቱ ቀጥታ የኢኖክን ፊት መታው። ሽማግሌው በጉልበቱ ወደቀ።

ሃስላም እየሮጠ መጥቶ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ቁሙ! ዚላም አቆመች። አንዱ እርጥብ ጨርቅ አምጥቶ የኢኖክን ዓይኖች ሸፈነለት፤ ሌሎቹ ሊያወጡት ብብቱን ያዙት። እሱ ግን ክንዳቸውን ገፍቶ ተነሣ። አየሩን በእጁ እየዳበሰ ሄዶ መያዣውን አገኘው፣ ግራ መዳፉን ጫነበት። ቀኝ እጁን አነሳ። አንድ ጣት።

ሃስላም መዳፉን እንደ ዘረጋ ነው። ኢኖክ ጣቱን እንዳነሳ ነው። ብረቱ ከነጭ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው።

ዚላ ጮኸች። «አየሃለሁ! አለሁ!» አለች። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ከቤቷ ውጭ ያላወጣችው ድምፅ ነው፤ እቶኑ ዋጠው፤ ኢኖክ አንገቱን እንኳ አላዞረም። ያን ጊዜ እጀታውን በጣቶቿ ያዘችና ጡጫውን እንደ ላባ አሳረፈችው። አንድ ጊዜ። አዎ።

የሽማግሌው ፊት ከጨርቁ ሥር በራ። ጡጫውን ጨበጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአዳራሹ ሰው እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲያወራው ኖሯል። የማያይ ሰው በመዳፉ ብረቱን ያዳምጣል፤ የማትሰማ ሴት በዓይኗ ትለካዋለች። እሱ ምልክት ይሰጣል፣ እሷ ትመታለች። ብረቱ ወደ ጎን ሲያዘነብል እሱ አያየውም፤ ሁለት ጊዜ በቀስታ ትነካዋለች፤ አይደለም ማለቷ ነው። እሱ እጁን ያዞራል፣ ስምንቱ ሰዎች መያዣውን ያዞራሉ፣ አንድ ጊዜ ትነካዋለች፤ አሁን ልክ ነው፤ ጡጫውን ይጨብጣል፣ ምድር ትንቀጠቀጣለች። ከሌሎቹ መዶሻዎች ሰዎች ሥራቸውን ትተው መጥተው ቆሙ። ሃስላም የዘረጋውን እጁን መቼ እንዳወረደው አያውቅም። ከቀጥቃጮቹ አንዱ ቆቡን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ሲጠየቅ በኋላ «እንጃ፤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ» ብሏል። ዚላም የት እንዳለች ረስታለች። ምቱ እጇ ላይ ይጀምር፣ ከመሬት ይምጣ፣ ከሽማግሌው ደረት ይውጣ መለየት አቅቷት፣ ሁሉም አንድ ልብ ሆኖ እየመታ ነበር።

ብረቱ ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ ቀጥ ብሎ ሲተኛ ኢኖክ መዳፉን ዘረጋ። ከዚያም ወደቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ዚላ ሆስፒታል ሄደች። ዐሥራ ሁለት አልጋ ባለበት ክፍል መጨረሻ ላይ ኢኖክ ሁለት ዓይኑ ታስሮ ተኝቷል።

«የመዶሻ ዘይት ሸተተኝ» አለ ስትጠጋ። «ዚላ ነሽ።» እጁንም ከብርድ ልብሱ አውጥቶ መዳፉን ዘረጋላት። በጣቷ አንድ ጊዜ ነካችው።

«ዘንጉ ተረፈ?»

አንድ ጊዜ።

«ወሰዱት?»

አንድ ጊዜ።

«ኧረ በናትሽ ዝርዝሩን ንገሪኝ! እዚህ ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ በአንድና በሁለት ልኑር? እኔ አፍሽን አላይ፤ አንቺ ካልተናገርሽ ማን ይነግረኛል?»

ዚላ ዙሪያዋን ተመለከተች። ዐሥራ አንድ በሽተኛ፣ አንዲት ነርስ፣ ብስኩት የያዙ ጠያቂዎች። ግን ሽማግሌው መዳፉን ዘርግቶ እየጠበቀ ነው።

«ሐሙስ ጧት ጫኑት» አለች፤ ድምፅዋ ከልክ በላይ ወጣባት። ጥቂት ራሶች ዞሩ። «ከመርከቡ ሰዎች አንዱ መጥቶ ለካው። ሦስት ጊዜ ለካው። ‹ማን ነው የሠራው?› አለ።»

«ሃስላም ምን አለ?»

«‹አንድ ዕውርና አንዲት ደንቆሮ› አለው።»

ኢኖክ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ነርሷ «ቁስሉ ይከፈታል! ጸጥታ!» እያለች ተቆጣች። ሳቁ ሲበርድለት ራሱን ወደ እሷ አዞረ።

«ድምፅሽ እንዲህ ነው እንዴ?»

ዚላ በሕይወቷ ይህን የምትጠይቀው ሰው አግኝታ አታውቅም። «እንዴት ነው?» አለች።

ኢኖክ አሰበበት። «ወፍራም ነው። ከታች ነው የሚመጣው። የእናቴን ይመስላል፤ እሷ ስትጠራን ሦስት መንገድ ማዶ ያለ ውሻ ሳይቀር ይመጣ ነበር።»

ኢኖክ በአንድ ዓይኑ ዳነ፤ ሌላው አልተመለሰም። ከዚያም ወዲህ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከአሮጊቷ ፊት አልተለየም፤ ሰላም በሆነ በዓመቱ ግን ዕድሜውም ደርሶ ጡረታ ወጣ።

በዚያው ዓመት ሰዎቹ ከጦር ሜዳ ተመለሱ፤ ሴቶቹም በየተራ ተሰናበቱ። ሃስላም ቆቡን በእጁ እያዞረ ዚላ ዘንድ መጣ። «አልበርት ሪግ ተመልሷል። ቦታው የእሱ ነው። በእኔ ቢሆን ኖሮ…» አለ፤ ከዚያ በኋላ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ የሚነበብ ቃል አልነበረበትም።

ሰኞ አልበርት እጀታውን ያዘ። ዚላ ስንብቷን ልትቀበል በሩ አጠገብ ቆማለች። የመጀመሪያው ምት ወረደ። አልበርት እጀታውን ለቀቀ፣ ራሱን በሁለት ክንዱ ሸፍኖ ከአሮጊቷ እግር ሥር ተኮማተረ። ቀጥቃጮቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ማንም ሊጠጋው አልደፈረም። ዚላ ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ቀና ሲል አፉን አየችው።

«መድፉ ነው» አለ። «ሁልጊዜ መድፉ ነው የሚሰማኝ። ያንቺን ጆሮ በሰጠሽኝ።»

«ብችል ሰጥቼህ ነበር» አለች ዚላ።

ብድግ አለችና እጀታውን ያዘች። ብረቱ እየቀዘቀዘ ነበር። አዲሱ የቀጥቃጮች አለቃ ሃስላምን አየው፣ ሃስላም መሬት መሬት አየ፣ አለቃውም ጡጫውን ጨበጠ።

አልበርት ራሱ ቢሮ ገብቶ ቦታውን እንደማይፈልግ በጽሑፍ ሰጠ፤ ጸጥ ባለው፣ ሎኮሞቲቭ ላይ በብሩሽ መስመር በሚሰመርበት የቀለም ቤት ተመደበ። ዚላ ዐሥራ አምስት ዓመት ጨምራ ሠራች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ ሁለቱ በር ላይ ይገናኛሉ፤ የእሱ እጅ በአረንጓዴ ቀለም፣ የእሷ ፊት በጥላሸት ተነክሮ።

«ዛሬ ምን ነካሽ? ስትመቺ መስመሬን አጣመምሽብኝ» ይላታል።

«ብሩሽህን ጠበቅ አድርገህ ያዛ!» ትለዋለች፤ ጮክ ብላ፣ ድፍን መንገዱ እየሰማት።